አልበም የሚፈረደው ጩኸቱ ሲበርድ ነው

የሂፕ ሆፕ አልበም አብዛኛውን ጊዜ የሚለቀቀው ለዓርብ አጥቢያ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ገና ሳይነጋ ፍርዱ ተሰጥቶ ያድራል። አንዱ «የዘመኑ ታላቅ ሥራ» ይላል፤ ሌላው «ራፐሩ አለቀለት» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ የስትሪምና የሽያጭ ቁጥር ይወጣና ክርክሩ ወደ ሂሳብ ይዞራል። በወሩ ሌላ አልበም ይመጣል፤ የቀደመውን የሚያነሣ የለም። በዚህ ሁሉ መሐል ዋናው ሥራ ሳይሠራ ይቀራል፤ አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ደጋግሞ፣ ግጥሙን ከቢቱ ሳይነጥሉ መስማት።

የዝግጅት ክፍላችን ይህን አካሄድ ይቃወማል። እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ ዲጄ ኩል ኸርክ ባጫወተበት የአንድ ሕንፃ ግብዣ የተወለደው ሂፕ ሆፕ ዛሬ በብዙ አገር ያለ ወጣት የሚያስብበት፣ የሚቆጣበትና የሚያዝንበት ጥበብ ሆኗል። እንዲህ ያለ ጥበብ የችኮላ ፍርድ አይገባውም። አልበም በሙሉነቱና ጊዜ ተሰጥቶት ይመዘን እንላለን። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥር፣ የሽልማት ዋንጫም ሆነ የራፐሮች ጠብ ዳኛ ሊሆኑበት አይገባም። በዚህ ሚዛን ያለፉትን ዐሥር ዓመታት ጎላ ያሉ አልበሞች አይተናል፤ ፍርዳችንንም ከነምክንያቱ እናቀርባለን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አልበሙ በአንድነቱ የሚናገረው፣ ዘፈኖቹ ለየብቻ ሊናገሩት የማይችሉት ነገር አለ ወይ? ግጥሙና ድምፁ ይደጋገፋሉ ወይስ ይገፋፋሉ? ራፐሩስ ለሚናገረው ነገር ኀላፊነት ይወስዳል ወይ?

ሦስቱንም ጥያቄ በሙሉ ልብ የመለሰው አልበም በመጋቢት 2015 የወጣው የኬንድሪክ ላማር «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» ነው። የካሊፎርኒያዋ የኮምፕተን ልጅ ከዚያ በፊት በ2012 ባወጣው «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ» ታዋቂ ሆኖ ነበር። ያንኑ ቀመር ቢደግም ገበያው እጁን ዘርግቶ ይቀበለው ነበር። እሱ ግን የጃዝና የፈንክ ሙዚቀኞችን ሰበሰበ። ካማሲ ዋሽንግተን በሳክስፎን፣ ተንደርካት በቤዝ፣ ሮበርት ግላስፐር በፒያኖ፣ ቴራስ ማርቲን በሳክስፎንም በፕሮዲውሰርነትም ገቡበት። መክፈቻው ላይ አንጋፋው የፈንክ ሰው ጆርጅ ክሊንተን ይሰማል። የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ የዘር ሐረግ በአንድ አልበም ውስጥ ተሰብስቧል ማለት ይቻላል።

የአልበሙን አሠራር ቀረብ ብለን እንየው። በዘፈኖቹ መካከል ኬንድሪክ አንድ ግጥም ማንበብ ይጀምራል፤ ጥቂት ስንኝ ብሎ ያቆማል። ከሚቀጥሉት ዘፈኖች በኋላ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣና ጥቂት ስንኝ ይጨምራል። ሰሚው ስንኞቹ የየትኛው ታሪክ ክፍል እንደሆኑ እየገባው ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ጭማሪ ያለፈውን ዘፈን ያብራራል፣ የሚመጣውንም ያዘጋጃል። በመጨረሻው ዘፈን ግጥሙ ሲሞላ፣ ሲያነብለት የቆየው በ1996 ለሞተው ለቱፓክ ሻኩር እንደነበር ይገለጣል፤ ቱፓክ በ1994 ከሰጠው የራዲዮ ቃለ ምልልስ በተወሰደ ድምፅ ሁለቱ ይነጋገራሉ። ይህን ንግግር ብቻውን ቆርጦ የሚሰማ ሰው የተዋጣለት የስቱዲዮ ሥራ ሰምቷል። ከሰባ ዘጠኝ ደቂቃ ጉዞ በኋላ የሚደርስበት ግን የአልበሙን ጥያቄ ይሰማል፤ ከመንደሩ ወጥቶ የከበረ ሰው ለቀሩት ምን ዕዳ አለበት?

ከዘፈኖቹ አንዱ «ኦልራይት» በፖሊስ ጭካኔ ላይ በተነሡ የአሜሪካ ሰልፎች በአደባባይ ተዘምሯል። አልበሙ ሊያልቅ ሲልም ኬንድሪክ ዘፈኑን አቋርጦ ለሕዝቡ ሲናገር «ንጉሥ» የሚለውን የኢትዮጵያ ቃል ያነሣል። አገራችን ስለተነሣች ለአልበሙ ነጥብ አንጨምርም። ነጥቡን የሚያገኘው ንግግሩ በቦታው ስለተቀመጠ ነው። ቀደም ሲል «ዩ» በተባለው ዘፈን፣ በሆቴል ክፍል ተዘግቶ ራሱን ሲረግም የሰማነው ሰው ራሱንም ወገኑንም ወደማክበር የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ፍርዳችን፦ ከመዘንናቸው አልበሞች ሁሉ የላቀው ይህ ነው።

በሚያዝያ 2017 የወጣው «ዳም» ዐሥራ አራት ዘፈኖች ይዟል፤ ለጆሮ የቀለለ፣ ለገበያም የቀረበ ነው። ይህን አይቶ «ኬንድሪክ ለሬዲዮ ተንበረከከ» ያለ ሰው የመጨረሻውን ዘፈን አላጤነም። «ዳክዎርዝ» እውነተኛ ታሪክ ይተርካል። አንቶኒ ቲፊዝ የተባለ የሰፈር ወጣት አንድ የኬኤፍሲ ምግብ ቤት ሊዘርፍ ያስብ ነበር። እዚያ የሚሠራው ሰው ይህን ስለጠረጠረ ዶሮውን በነፃ እየሰጠ፣ ብስኩትም እየጨመረለት ወዳጅ አደረገው፤ በዚህም ከጉዳት ተረፈ። ያ ሠራተኛ የኬንድሪክ አባት ነበር። ከዓመታት በኋላ ቲፊዝ የሙዚቃ ኩባንያ አቋቁሞ ኬንድሪክን አስፈረመ። ዘፈኑ የሚያበቃው ያ ደግነት ባይኖር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር በማሰብ ነው፤ ተኩስ ይሰማል፣ ድምፁ ወደ ኋላ ይጠቀለላል፣ አልበሙም ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይመለሳል። በዚያው ዓመት ማብቂያ ኬንድሪክ ያንኑ አልበም የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ገልብጦ እንደገና አወጣው። ተገልብጦም ትርጉም ይሰጣል። በሚያዝያ 2018 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ሲሰጠው፣ ከ1943 ጀምሮ በቆየው በዚህ ሽልማት ታሪክ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ ላለ ሥራ ሲሰጥ የመጀመሪያው ሆነ። ዳኞቹ ጊዜ ወስደው ሰምተዋል፤ ፍርዱም ትክክል ነበር።

ሽልማት ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። በግራሚ የዓመቱ አልበም የሚባለውን ዋንጫ ከሂፕ ሆፕ ወገን የወሰዱት የሎሪን ሂል ሥራ በ1999 እና የአውትካስት ድርብ አልበም በ2004 ብቻ ናቸው። «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» በቴይለር ስዊፍት «1989» ተሸነፈ፤ «ዳም» በብሩኖ ማርስ ተሸነፈ። በ2014 «ጉድ ኪድ፣ ማድ ሲቲ» የራፕ አልበም ሽልማቱን እንኳ ሲያጣ፣ ዋንጫውን ያሸነፈው ማክልሞር ራሱ ለኬንድሪክ የይቅርታ መልእክት ልኮ መልእክቱን ለሕዝብ አሳይቷል። «ኢጎር» የተባለው የታይለር ዘ ክሬተር አልበም ደግሞ አብዛኛው ዜማ ሆኖ ሳለ በ2020 በራፕ ዘርፍ ተሸለመ፤ ታይለርም ጥቁር ሙዚቀኛ የቱንም ዓይነት ሙዚቃ ቢሠራ በአንድ ሳጥን እንደሚከተት ዋንጫውን በያዘበት ምሽት ተናግሯል። ተገቢ ቅሬታ ነው። ዋንጫ ያገኘ ሁሉ ታላቅ፣ ያላገኘ ሁሉ ትንሽ አይደለም።

ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ እንዲያውም ጉዳቱ ይከፋል፤ ምክንያቱም የአልበሙን ቅርጽ ራሱን ይለውጣል። ቢልቦርድ በታኅሣሥ 2014 ባወጣው ስሌት መሠረት ከአንድ አልበም የተደመጡ 1,500 ስትሪሞች እንደ አንድ የተሸጠ አልበም ይቆጠሩ ጀመር። ዐሥር ዘፈን ያለው አልበም አንድ ሽያጭ ለማስቆጠር 150 ጊዜ ሙሉውን መደመጥ አለበት። ሃያ አምስት ዘፈን ላለው 60 ጊዜ ይበቃዋል። ስሌቱ በኋላ ቢሻሻልም ዘፈን የሚያበዛውን መጥቀሙ አልቀረም። ውጤቱን በ2018 አየነው፤ የሚጎስ «ካልቸር ቱ» በሃያ አራት፣ የድሬክ «ስኮርፒዮን» በሃያ አምስት ዘፈን መጡ።

«ስኮርፒዮን» የስትሪም ክብረ ወሰን ሰብሯል፤ ድሬክም ዜማና ራፕ የማዋሐድ ችሎታው የታወቀ ነው። በዚህ አልበም መጨረሻ ላይ «ማርች ፎርቲን» የሚል ዘፈን አለ። አባት መሆኑን፣ ከልጁ እናት ጋር አብሮ አለመኖሩን፣ እሱ ራሱ በልጅነቱ ያየውን ለልጁ መድገሙን በግልጽ ይናገርበታል። የአልበሙ እውነተኛ ልብ ይህ ነበር። ሰሚው እዚያ ለመድረስ ግን ሃያ አራት ዘፈኖችን ማለፍ አለበት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቢወጡ አልበሙ ምንም አይጎድልበትም። ፍርዳችን፦ በውስጡ ጥሩ አጭር አልበም የተቀበረበት፣ አንድነት የሌለው ሥራ ነው። የሰበረው ክብረ ወሰን ይህን ፍርድ አይለውጠውም።

ከዚህ ጋር በ2017 የወጣውን የጄይ ዚን «ፎር ፎርቲ ፎር» እናነጻጽር። ዐሥር ዘፈን፣ ሠላሳ ስድስት ደቂቃ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የአንድ ፕሮዲውሰር፣ የኖ አይ ዲ እጅ ነው። የአርባ ሰባት ዓመቱ ራፐር በአልበሙ መጠሪያ ዘፈን ሚስቱን ይቅርታ ይጠይቃል፤ እናቱ በራሷ ድምፅ ትናገራለች፤ በአንዱ ዘፈን የኒና ሲሞን ድምፅ ከሥር እየተሰማ ስለ ጥቁር ሰው ሀብትና ውርስ ይሟገታል። ራፕ የወጣት ጨዋታ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ የሻረ ሥራ ነው። ለስምንት ግራሚ ታጭቶ አንድም አላገኘም፤ ከዋንጫው ዕድሜ ግን የእሱ ዕድሜ ይረዝማል።

በ2018 የወጣው የፑሻ ቲ «ዴይቶና» ከዚህም አጭር ነው፤ ሰባት ዘፈን፣ ሃያ አንድ ደቂቃ። አንድም የባከነ ስንኝ የለበትም፤ ርዕሰ ጉዳዩ ግን ጠባብ ነው፤ የዕፅ ንግድና የራፕ ፉክክር። የእጅ ሥራው የላቀ፣ የልቡ ስፋት የተወሰነ አልበም ብለን ፈርደንበታል። ይኸው ሰው በሐምሌ 2025 ከወንድሙ ከማሊስ ጋር ክሊፕስ በሚለው የቀድሞ ስማቸው ተመልሶ ባወጣው «ሌት ጋድ ሶርት ኤም አውት» ግን የጎደለውን ሞልቶታል። ወንድማማቾቹ በ2009 ካወጡት አልበም ወዲህ አብረው አልበም ሳይሠሩ ቆይተው ነበር፤ በመሐሉ እናትና አባታቸው ሞተዋል። የፋሬል ዊሊያምስ ቅንብር በሆነው በዚህ አልበም የመጀመሪያው ዘፈን የወላጆቻቸው ሙሾ ነው። ፑሻ ቲ እናቱን ያነሣል፣ ማሊስ አባቱን። ያልተባለውን፣ የዘገየውን፣ ምልክቱን አይተው ያላስተዋሉትን በየተራ ይናገራሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የተለመደው ፉከራ ሁሉ ሌላ ክብደት ያገኛል፤ የሚፎክሩት ሐዘን ላይ የተቀመጡ ሰዎች መሆናቸውን ሰሚው ያውቃልና። የዘፈን ቅደም ተከተል ማለት ይህ ነው። በአንድ ዘፈን ብቻ የሚሰማ ሰው ይህን አያገኘውም።

ርዝመት በራሱ ጥፋት አለመሆኑን ደግሞ እንግሊዛዊቷ ሊትል ሲምዝ አሳይታለች። በመስከረም 2021 ያወጣችው «ሳምታይምስ አይ ማይት ቢ ኢንትሮቨርት» ዐሥራ ዘጠኝ ክፍሎች አሉት። የፕሮዲውሰሩ የኢንፍሎ ቅንብር ኦርኬስትራ፣ ሶልና የምዕራብ አፍሪካ ምት ያቀፈ ነው፤ በመካከሉ ገብቶ የሚያዋያት ተራኪ ድምፅ ከዓይናፋርነት ወደ አደባባይ የሚወስዳትን መንገድ ያሳያል። ስለ አባቷ በሠራችው ዘፈን ፍቅርና ቂም ሳይታረቁ ጎን ለጎን ይቆማሉ። በ2022 የመርኩሪ ሽልማት አግኝታበታለች። የሚያሳዝነው፣ ስለ ታላላቅ ራፐሮች ክርክር ሲነሣ የሴቶቹ ስም የሚመጣው በመጨረሻ ነው። በግራሚ የራፕ አልበም ሽልማት ያገኙት ሴቶች በ1997 ከፉጂስ ጋር ሎሪን ሂል፣ በ2019 ካርዲ ቢ፣ በ2025 ዶቺ ብቻ ናቸው። የሴቶቹን አልበም ያልሰማ ሀያሲ ስለ ዘመኑ ሙሉ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

ከባዱ ጥያቄ ሦስተኛው ነው፤ ኀላፊነት። በግንቦት 2022 የወጣው የኬንድሪክ «ሚስተር ሞራል ኤንድ ዘ ቢግ ስቴፐርስ» በሁለት ክፍል፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ዘፈን ይዞ፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ቁስል ይናገራል። «ማዘር አይ ሶበር» በተባለው ዘፈን በሕፃናትና በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚወራረስ የሚናገርበት ድፍረት በራፕ ታሪክ አቻው ጥቂት ነው። በዚሁ አልበም ግን በአንዲት ታዳጊ ላይ በፈጸመው ጥቃት ጥፋተኛነቱን በ2021 በፍርድ ቤት ያመነውን ራፐር ኮዳክ ብላክን ደጋግሞ ያሰማናል። ደጋፊዎቹ «የተጎዳ ሰው ጎጂ እንደሚሆን ለማሳየት ነው» ይላሉ። ሐሳቡ ይገባናል፤ አንቀበለውም። አጥፊው ድምፅና መድረክ አግኝቷል፤ የተጎዳችው አላገኘችም። አልበሙ ራሱ ያነሣውን ጥያቄ ራሱ አልመለሰም። ፍርዳችን፦ ትልቅ፣ ደፋር፣ ጉድለቱም ሊሸፈን የማይገባው ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ሌላኛውን ጫፍም እንቃወማለን። በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የራፕ ግጥም በወንጀል ክስ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ኖሯል፤ ካሊፎርኒያ በ2022 ይህን የሚገድብ ሕግ ማውጣት አስፈልጓታል። ቀረርቶና ፉከራ ሰምቶ ያደገ የአማርኛ ጆሮ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ፎካሪው «እኔ» ሲል የሚቆመው በጥበቡ ወግ ውስጥ ነው፤ ቃሉ ለመርማሪ የተሰጠ ቃል አይደለም። ራፐርንም በገጸ ባሕርይው ቃል ወንጀለኛ ማድረግ ስንፍና ነው። ገጸ ባሕርይን ምሽግ አድርጎ ሴትን ማዋረድም እንዲሁ ከሂስ አያመልጥም። ሀያሲ የሚያስፈልገው ሁለቱን ለመለየት ነው።

ኬንድሪክ በኅዳር 2024 ያለ ማስታወቂያ የለቀቀው «ጂ ኤን ኤክስ» የችኮላ ፍርድ ያለበትን አደጋ በግልጽ አሳይቷል። አልበሙ የመጣው ከድሬክ ጋር በዘፈን በተወራረፉበት ጠብ ማግስት ነው። በዚያ ጠብ የወጣው «ኖት ላይክ አስ» በየካቲት 2025 አምስት ግራሚ ቢሰበስብም በአልበሙ ውስጥ አልገባም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ብዙዎች «ምርጡ ሥራው» አሉት። እኛ ስናዳምጠው ያገኘነው ዐሥራ ሁለት ዘፈን ያለው፣ የተጨመቀ፣ የሎስ አንጀለስን ሰፈር ድምፅ ከነሙሉ ጉልበቱ የያዘ አልበም ነው። በዓለም ያልታወቁ የአካባቢውን ራፐሮች ቦታ ሰጥቷቸዋል፤ መክፈቻው ላይ የምትሰማው ድምፅ የማሪያቺ ዘፋኟ የዴይራ ባሬራ ነው። በ«ሪኢንካርኔትድ» በቀደሙ ሙዚቀኞች ሕይወት ውስጥ ተመላልሶ ከፈጣሪው ጋር ይሟገታል፤ ይህ ዘፈን ከምርጦቹ ጋር ይቆማል። በቀረው ግን ጥያቄውን ወደ ራሱ ከማዞር ይልቅ ወደ ባላጋራ ያዞራል። ፍርዳችን፦ በጣም ጥሩ አልበም ነው፤ ከ2015ቱ ጋር አይተካከልም። እኩል ያደረጉት ሰዎች የሰሙት ጠቡን ነው።

«አንባቢ አልበሙ በወጣ ቀን መመሪያ ይፈልጋል፤ ዓመት አይጠብቅም» የሚል ተቃውሞ እንደሚቀርብብን እናውቃለን። ተገቢ ነው። በ1994 «ዘ ሶርስ» መጽሔት ለሃያ ዓመቱ ናስ «ኢልማቲክ» አምስት ማይክራፎን፣ ማለትም ከፍተኛውን ደረጃ ሲሰጥ አልበሙ ገና መውጣቱ ነበር። ሂሱን የጻፈችው ሚንያ ኦ የተባለች ወጣት ናት። ገበያው ግን ቀስ ብሎ ነው የተከተለው፤ አልበሙ ግማሽ ሚሊዮን ቅጂ ለመሙላት ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። በ2021 የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚጠበቁ ቅጂዎች መዝገብ አስገባው። ፈጥኖ ትክክል መፍረድ ይቻላል ማለት ነው፤ የሚቻለው ግን ሽያጩንና ወሬውን ትቶ ዐሥሩን ዘፈን በጥሞና ለሚሰማ ሰው ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ያወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» የሚከፈተው ሙላቱ አስታጥቄ ከሠሩት «የገሌ ትዝታ» በተቀነጨበ ሳምፕል ላይ በተገነባ ዘፈን ነው። ያ ሳምፕል ጌጥ አይደለም፤ ሁለቱ ድምፃውያን ቃል የሚቀባበሉት በእሱ ምት ላይ ተቀምጠው ነው፤ ስለ አፍሪካ ዝምድና የተሠራ አልበም በአዲስ አበባ ሙዚቃ መከፈቱም ሐሳቡን ይደግፋል። በሬዲዮና በኅትመት ስለ ሂፕ ሆፕ የሚያወሩ ባልደረቦቻችን እንዲህ ያለውን ነገር ለሰሚው ሊያሳዩ ይገባል። የፕሮዲውሰሩን ስም ይጥሩ፣ ሳምፕሉ የማን እንደሆነ ይናገሩ፣ ግጥሙን ያንብቡ። ሰምና ወርቅ ሲፈታ የኖረ ሕዝብ ለራፐር ድርብ ትርጉም እንግዳ አይደለም፤ የሚያስፈልገው በትዕግሥት የሚያስረዳው ሰው ነው።

ስለዚህ ይህ መጽሔት ለራሱ ደንብ አውጥቷል። አልበም በወጣበት ሳምንት የምንጽፈውን «የመጀመሪያ አስተያየት» ብለን እንሰይመዋለን፤ ኮከብም ሆነ ነጥብ አንሰጥበትም። የመጨረሻ ፍርዳችንን ሙሉውን አልበም ከነግጥሙ ደጋግመን ሰምተን፣ ጩኸቱ ከበረደ በኋላ እናወጣለን፤ የምናወድሰውንም የምንነቅፈውንም ከነምክንያቱ እንጽፋለን። ሸላሚዎች ዘርፋቸውን ከሙዚቃው ጋር ያስተካክሉ፤ አሳታሚዎች ለቁጥር ብለው አልበም መለጠጥ ይተዉ፤ አንባቢዎቻችንም ሌላ ሰው ከፈረደላቸው በፊት ራሳቸው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስሙ። ራፐሩ ዓመታት የደከመበት ሥራ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት ጆሮ ይገባዋል። ያን ሰዓት ያልሰጠ ሰው አስተያየት ሊኖረው ይችላል፤ ፍርድ ግን የለውም።